ያልፈተሽኩት ባት

ጡረታ ወጣሁ። «እንኳን ደስ ያለህ» የሚለኝ ሰው ሁሉ ደሜን ያፈላዋል። ምኑ ነው ደስ የሚለው? ዴንቨርና ኦሮራ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቤዝቦል ዳኝቼ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል፣ ጆሮዬ የወላጅ ስድብ ጠግቧል። በመጨረሻ አንድ የመስታወት ሽልማት ሰጡኝ። ላዩ ላይ «ለማይናወጥ ታማኝነት» ይላል። ጋራዥ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ።

ሽልማቱን የሰጠኝ ብሬት ነው፤ ዳኞችን ለየጨዋታው የሚመድበው አለቃችን። ማይክ ይዞ «ሚስተር መኮንን በዘመኑ ሁሉ አንድም ፍርዱ ተሽሮ አያውቅም» አለና ሰዉን አስጨበጨበ። እውነቱን ነው፣ ተሽሮ አያውቅም። መሻር የነበረበት አንድ ፍርድ ግን አለ፤ እሱን የማውቀው እኔ ነኝ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ብሬት ሌላ ዜና አመጣ። ከዘንድሮ ጀምሮ ዳኛ ባት፣ ማለትም ውስጠ ባዶውን የኳስ መምቻ የብረት ዱላ፣ አይፈትሽም። አሰልጣኙ «የልጆቼ ባት ሁሉ ሕጋዊ ነው» የሚል ፎርም ይፈርማል፣ በቃ፣ ጨዋታው ይጀመራል። ጊዜ ይቆጥባል አለ። ተነስቼ «ሰው ስለ ራሱ ባት ፈርሞ ፍተሻ ቀረ ይባላል እንዴ?» ስለው፣ ሳቀና «ሚስተር መኮንን፣ አንተ እኮ ጡረታ ወጥተሃል፤ ኬክህን ብላ» አለኝ። ኬኩን ትቼለት ወጣሁ።

ለምን እንዲህ እንደተናደድኩ የገባው ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ለዳኝነት እንግዳ አልነበርኩም። አዲስ አበባ እያለሁ የፋብሪካ ቡድኖች እግር ኳስ ሲጫወቱ የመስመር ዳኛ ነበርኩ፤ ከደጋፊ ድንጋይ የሮጥኩበትም ቀን አለ። እዚህ መጥቼ የኤርፖርት ሻትል መንዳት ጀመርኩና ግሌንዴል ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ተከራየሁ። ከእኔ በታች ሌኒ የሚባል ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ይኖር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኪንጉ ላይ ወንበር ያወጣና የሽቦ ጭምብሉን በጥርስ ብሩሽ ያጥባል። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «የዳኛ ነው፤ ከፈለግክ ነገ ና» አለኝ። ሄድኩ፣ በዚያው ቀረሁ። ክፍያው የሚወራለት አይደለም፤ ከቤንዚንና ከምሳ አያልፍም።

ሌኒ ጨዋታ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይደርሳል። ከየትኛውም ቡድን ውሃ አይቀበልም፤ የራሱን ኮዳ ይይዛል። የተጫዋች ስም አይጠራም። ከሁሉ የበለጠ የሚጠነቀቀው ግን ለባት ነበር። የሁለቱም ቡድን ባቶች ሳሩ ላይ በመደዳ ይደረደራሉ። ከዚያ ልጁንም፣ አሰልጣኙንም፣ ወላጁንም ከአጥሩ ኋላ ያስወጣቸዋል። የትኛው ባት የማን እንደሆነ ማወቅ አይፈልግም።

«ባቱን እይ፤ ባለቤቱን አትይ» ይለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሕጋዊነት ማኅተሙን ያያል። ቀጥሎ በጫማ ክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሰፊ የመለኪያ ቀለበት በባቱ ላይ ያሳልፋል። ቀለበቱ አላልፍ ካለ ባቱ ከሚፈቀደው በላይ ወፍሯል፣ ወይም ተጨፍልቋል። ይህንን ማንም ይሠራዋል። ሌኒ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑን ይጨፍንና የባቱ ጫፍ ላይ ያለውን ክዳን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይዳስሳል። አንዳንድ ጮሌ ክዳኑን ነቅሎ የባቱን ሆድ በማሽን ያስፍቃል። ግድግዳው ሲሳሳ ኳሱ ከልክ በላይ ፈጥኖ ይወጣል። ዴንቨር ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ እንዲያው ይበራል። የተፋቀ ባት ማኅተሙ አለ፣ ቀለበቱም ያልፋል፤ የሚያጋልጠው ክዳኑ የተጣበቀበት ሙጫ ነው። የፋብሪካ ሙጫ ለጥፍር ልሙጥ ነው፤ የሰው እጅ ሙጫ የሆነ ቦታ ላይ ጉብ ይላል። በመጨረሻ ባቱን ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቀዋል። ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ፣ አለቀለት።

ሌላም ነገር አስተምሮኛል። ኦሮራ ውስጥ ሰው የሌለበት ሜዳ ወስዶኝ እሱ አንዱ ጥግ፣ እኔ ሌላው ጥግ ቆመን «አውት!»፣ መቺው ወጥቷል፣ እያልኩ እንድጮህ አደረገኝ። ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው የሜዳ ሽኮኮዎች ጉድጓዳቸው እስኪገቡ ጮህኩ። «አልሰማሁህም፣ ድገመው» ይለኛል። ድምፄ ሲሻክር «ፍርድ በሹክሹክታ አይሰጥም። ካንሾካሾክህ፣ አንተም አላመንክበትም ማለት ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ዘውዱ ልምጣ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ግን እሱን ሳልወቅስ ይህን ብጨርስ ውሸታም ነኝ።

ዘውዱ እዚህ አገር ስመጣ ኤርፖርት የተቀበለኝ ሰው ነው። አራት ወር ቤቱ አስተኝቶኛል፤ በረዶ ላይ መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ወንድ ልጁ ናሆም ሲወለድ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጅ ሆንን። አበልጅነት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ለነ ብሬት ግን ማን ይንገራቸው? በየዓመቱ ፎርም እንሞላለን፤ ከምትዳኘው ቡድን ውስጥ ዘመድ አለህ ወይ ይላል። ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ። የክርስትና ልጅ የሚል ሳጥን የለውም። እኔም «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ወረቀቱን ብትጠይቁት አልዋሸሁም። የንስሐ አባቴን ብትጠይቁ ግን መልሱ ሌላ ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ናሆም አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ የእሱን ቡድን ጨዋታ እንድዳኝ ተመደብኩ። ሜዳው ግሪን ቫሊ ራንች ነው፤ በየደቂቃው አውሮፕላን ከአናት በላይ ያልፋል። አብሮኝ የሚዳኘው ሰው አሞኛል ብሎ ስለቀረ ብቻዬን ነበርኩ። ባቶቹን አስደርድሬ፣ ሰዉን አስወጥቼ፣ አንድ በአንድ ፈትሼ ልጨርስ ስል ዘውዱ አጥሩን ከፍቶ ገባ። ባት ይዟል።

«አበልጄ፣ ይሄ የናሆም ነው። መኪና ውስጥ ቀርቶ ነው» አለኝ።

«እዚያ ሳሩ ላይ አስቀምጠውና ውጣ፣ አየዋለሁ።»

«ምኑን ታየዋለህ? እኔ አይቼዋለሁ፣ አዲስ ነው» አለና ሳቀ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደግሞ፣ «ወይስ እኔንም ትፈትሸኛለህ?»

ከአጥሩ ኋላ ያሉት የእኛ ሰዎች ሳቁ። ይሉኝታ ያዘኝ። አራት ወር ሶፋው ላይ የተኛሁበትን ሰው፣ ሰው ፊት፣ ጥፍሬን አውጥቼ ባቱን ልዳስስበት? ማኅተሙን ገልበጥ አድርጌ አየሁና «እሺ፣ ስጠው» አልኩ። ጥፍር የለ፣ ጆሮ የለ። እስቲ አሁን ይሄ ሰው ነው ሽልማት የሚሰጠው?

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ መጨረሻው ላይ ደረሰ። የናሆም ቡድን ሦስተኛው ቤዝ፣ የመጨረሻው ማረፊያ ላይ፣ አንድ ልጅ አለው፤ እሱ ሮጦ ወደ መምቻው ቦታ ከገባ ያሸንፋሉ። መቺው ናሆም ነው። ከኮሌጅ እሱን ሊያይ የመጣ ሰው ከአጥሩ ኋላ ማስታወሻ ይዞ ተቀምጧል። ኳሱን የሚወረውረው ኮሊን የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲወረውር አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም።

ናሆም መታው። እኔ ከኋላው ሁለት ክንድ ያህል ርቀት ላይ ነኝ፤ ድምፁ ልክ እንዳልሆነ ከማንም በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ኮሊንን ግራ ጉንጩ ላይ መታው። ልጁ እጁን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘም። ሦስተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ልጅ ሮጦ ገባ። አንደኛው ወገን ይጨፍራል፣ ሌላው ወገን ይጮሃል።

አምቡላንሱ ኮሊንን ይዞ ከሄደ በኋላ የእሱ ቡድን አሰልጣኝ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። የናሆምን ባት ከመሬት አንስቶ ዘረጋልኝ። «ፈትሸው» አለኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። ባቱ ሕገወጥ ከሆነ መቺው አውት ነው፣ የገባው ነጥብ አይቆጠርም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ያ ማለት ደግሞ ናሆም ያ የኮሌጅ ሰው ፊት በሕገወጥ ባት ተያዘ ማለት ነው። አባቱ ተዋረደ ማለት ነው። ባቱን ከጨዋታው በፊት ማን አሳለፈው የሚል ጥያቄም ይመጣል። ቀለበቱን አሳለፍኩት፤ አለፈ። ዓይኔን ጨፍኜ ክዳኑን በጥፍሬ ዞርኩት። በአንድ በኩል ሙጫው ጉብ ብሏል። ከጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት። ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ዓይኔን ስገልጥ ዘውዱ አጥሩን ይዞ ቆሟል፤ እኔን ሳይሆን መሬት መሬቱን ያያል።

«ሕጋዊ ነው» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለ አሰልጣኙ። አልሰማኝም።

«ሕጋዊ ነው።» ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አልጎላም።

ሰውየው ትንሽ አየኝና ባቱን እግሬ ሥር ጥሎት ሄደ። ዘውዱ ባቱን አንስቶ ፓርኪንጉ ድረስ ተከትሎኝ አቀፈኝ። «አበልጄ፣ ይህን ውለታህን መቼም አልረሳው» አለኝ። ያኔ ነው እያወቀ እንዳመጣው የገባኝ። ያንን ባት ቀምቼ እሱኑ በመታሁት ኖሮ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? «ምንም አይደል» አልኩት።

የኮሊን ጉንጭ አጥንት ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፤ ግራ ዓይኑ ግን ከዚያ ወዲህ የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። ቤዝቦል ቀረ። ናሆምም በዚያው በጋ ተወው፣ ኮሌጁም ቀረ። ዘውዱ ለሰዉ «ሰንፎ ነው» ይል ነበር፤ ልጁ ላይ ማሳበቡ እንኳ አላሳፈረውም።

ለአንድ ሰው ብቻ ተናገርኩ፤ ለሌኒ። ቤቱ ወርጄ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለልጁ ነገርከው?» አለኝ።

«ለየትኛው ልጅ?»

«‹ለየትኛው ልጅ› ስትል ራስህን ሰማኸው?» አለኝና ተነስቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን ስንዳኝ ባት የሚፈትሸው እሱ ብቻ ሆነ። እኔንም ከወላጆቹ ጋር ከአጥሩ ኋላ ያስወጣኛል፣ የዳኛ ልብሴን እንደለበስኩ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረገኝ፤ ከዚያ ሞተ። ሚስቱ ቀለበቱን ከነክሩ አመጣችልኝ። «ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው ብሎኛል» አለችኝ። ሽማግሌው ከሞተም በኋላ አልማረኝም ብዬ አንድ ሳምንት ተናድጄ ሰነበትኩ። እስከ ዛሬም ጨርሶ አልበረደልኝም።

በቀሩት አሥር ዓመታት በጥፍሬ ያላለፈ ባት ሜዳ አልገባም። ልጆቹ «ሚስተር ጥፍር» ይሉኝ ነበር። ወላጆች ለብሬት ከሰሱኝ፤ ጨዋታ ያዘገያል፣ ልጆቻችንን እንደ ሌባ ያያል ብለው። አንዱ አባት፣ የእኛው አገር ሰው፣ «ጋሽ መኮንን፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰሙም?» አለኝ። ሰምቻለሁ። ይህን የተናገረው ሰውዬ ኳሱ ዓይኑ ላይ አላረፈበትማ።

ለኮሊን ግን አልነገርኩትም። የት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ኢስት ኮልፋክስ ላይ ያለ ጎማ ቤት ነው። እንጀራና በርበሬ የምገዛበት ሱቅ ከዚያ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማዬን ሌላ ቦታ አስቀየርኩ። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ በዚያ በኩል ባለው መስኮት አልቀመጥም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በራሱ አይጠራም፣ የሚያጠራው ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፈሪ ነበርኩ።

ባለፈው ክረምት ዘውዱ ሞተ። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ እንባ አልመጣም። ናሆም አጠገቤ ሆኖ ሰው ያስተናግዳል። አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችን ቡድን ያሰለጥናል። ያኔ ምንም አላለኝም።

ሽልማቱን በተቀበልኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ናሆም ኦሮራ ቤቴ መጣ። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። አማርኛው እንግሊዝኛ ይበዛበታል፤ አንቱታውን ግን አባቱ ጠንቅቆ አስተምሮታል።

«ጋሼ፣ ፎርሙን ሰጡኝ» አለኝ። «የባቱን ፎርም። ሳይን ማድረግ አቃተኝ።»

«ለምን? የልጆችህ ባት ችግር አለው?»

«ኖ። የእነሱ ኦኬ ነው።» ፎጣውን ፈታው። ያ ባት ነው። «ዳዲ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት፣ ከዕቃ ሥር ደብቆት ነበር። ያን ቀን ሳውንዱ... ልክ አልነበረም፣ አይደል? ዳዲን ጠየቅኩት፣ ሼም የለህም ወይ ብሎ ተቆጣኝ። እርስዎ ደግሞ ሊጋል ነው አሉ። ስለዚህ ማበዴ ነው ብዬ ተውኩት። ጋሼ፣ ፕሊስ፣ ይዩልኝ።»

አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ልጅ ኮሊንን እንደመታ ሰው አየሁት እንጂ፣ እሱም የተመታ መሆኑን አላየሁም። ልጁ ጆሮው ትክክል ሰምቶ ነበር፤ እኔና አባቱ ነን ጆሮውን እንዳያምን ያደረግነው። ዘውዱ በሕይወት ቢኖር ያን ቀን በሩን ሰብሬ እገባ ነበር።

«ባቱን ሳሩ ላይ አስቀምጠው» አልኩት። «አንተ ከአጥሩ ውጣ።»

ወጣ። ቀለበቱን ከነክሩ አምጥቼ እንደ ሕጉ ፈተሽኩት፣ ማኅተም፣ ቀለበት፣ ጥፍር፣ ጆሮ። መልሱን እያወቅኩ አንዱንም አልዘለልኩም። ናሆም አጥሩን ይዞ ይጠብቀኛል፤ አባቱ ያኔ እንደቆመው፣ ግን ይሄኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚያየኝ።

«እሺ?» አለኝ።

«ፍርዱ ያንተ ብቻ አይደለም። ባቱን ያዝና መኪና ውስጥ ግባ።»

ወደ ኢስት ኮልፋክስ ነዳሁ። ጎማ ቤቱ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ውስጥ ኮምፕሬሰሩ ያጓራል፣ ሁለት መኪና ክሪክ ላይ ተሰቅሏል። ኮሊን ጎማ እያንከባለለ መጣ፤ ወፍሯል፣ ጺም አውጥቷል። ሰው ሲያናግር ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል፣ በደህና ዓይኑ ለማየት።

«ጎማ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። እኔ የዚያን ቀን ዳኛው ነኝ።»

ናሆምን አየ፣ ባቱን አየ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔም ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝና «ባቱ ሕገወጥ ነበር። ፈትሼ አውቄአለሁ» አልኩት።

«እያወቅክ ነው?»

«እያወቅኩ።»

ያንሾካሾክኩ መሆኔ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ኮሊን ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ዞር ብሎ ለባልደረባው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ጎማ ቤቱ ጭር አለ፣ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከስልካቸው ቀና አሉ።

«አልሰማሁህም» አለኝ። «ድገመው።»

ባቱን ከናሆም ተቀብዬ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ሌኒ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳስተማረኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ቀኝ እጄን ጨበጥኩ፣ መንገድ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ ጮህኩ፤ «ሕገወጥ ባት! መቺው አውት ነው! ነጥቡ አይቆጠርም!»